መጀመሪያ ማኬሌሌ ይገዛ!

እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምት ሪያል ማድሪድ የሠራውን ሥራ የስፖርት ቤተሰቡ አይረሳውም። ዴቪድ ቤካምን ከማንቸስተር ዩናይትድ አመጣ፤ ክላውድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ። ማሊያው ተቸበቸበ፣ ካሜራው ተንጫጫ፣ ዓለም ሁሉ ስለ ጋላክቲኮሱ አወራ። ስለ ማኬሌሌ ማን አወራ? ጎል አያገባ፣ ፀጉሩን አይሠራ፣ ኳስ ነጥቆ ለጎረቤቱ ከማቀበል ሌላ የሚታይ ነገር የለውም!

ውጤቱ ግን ታየ። በዚያ የውድድር ዘመን ማድሪድ የመጨረሻዎቹን አምስት የሊግ ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸንፎ 4ኛ ሆኖ ጨረሰ። የላሊጋውን ዋንጫ መልሶ ያነሳው በ2007 ነው። ማኬሌሌን የወሰደው ቼልሲ በ2005 እና በ2006 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። የማይታየውን ሸጦ የሚታየውን የገዛ፣ ዋጋውን ከፈለ።

ይህ የድሮ ታሪክ ዛሬ የተነሳው ግን ስለ ኳስ ለማውራት አይደለም። ስለ ጀልባ ነው። «እንዴ! የስፖርት ገጽ ላይ ጀልባ ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ነገርዬው ወዲህ ነው።

በሰሜን አሜሪካ የሚኖረው ሀበሻ ኳስ እንደሚወድ የታወቀ ነው። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ያንን ሁሉ ሕዝብ በየዓመቱ ያሰባሰበው በኳስ ነው። ነገር ግን ኳስ ተጫዋች ያረጃል። በ20 ዓመቱ በክንፍ በኩል እንደ ነፋስ ይበር የነበረው ልጅ 38 ሲሞላው ጉልበቱ «በቃኝ» ይለዋል። ቅዳሜ ጠዋትን ምን ያድርግበት? አንዳንዱ ዓሣ ማጥመድ ይጀምራል። መጀመሪያ ከፖቶማክ ወንዝ ዳር ቆሞ መንጠቆ ይወረውራል። ቀጥሎ ውኃው መሀል በትንሽ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ትልልቁን ዓሣ የሚያወጣ ሰው ያያል፤ ይቀናል። ከዚያ በኋላ ነው አዲስ አበባ ላለው አብሮ አደጉ የሚደውለው። «ካያክ ልገዛ ነው! 500 ዶላር አለችኝ!»

ካያክ ማለት ጥንት በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩ ኢኑዊቶች በባሕር ላይ ለማደን በእንስሳ ቆዳ ሸፍነው የሚሠሯት ጠባብ ጀልባ ነበረች። የዛሬዋ በአብዛኛው ፕላስቲክ ነች። አንድ ሰው ይቀመጥባታል፣ በሁለቱም ጫፍ ጠፍጣፋ በሆነ መቅዘፊያ ግራና ቀኝ ይቀዝፋታል። ሞተር የላትም፣ ቤንዚን አትጠጣም፣ መኪና ጣሪያ ላይ ታስራ ትሄዳለች። ለዚህም ነው ኪሱ ሳሳ ያለ ሰው የሚመኛት።

ችግሩ የሚጀምረው ሱቅ ሲገባ ነው። ያ 500 ዶላር የዝውውር በጀት ነው። ብዙ ጀማሪ ግን እንደ ማድሪድ ፕሬዚዳንት ይሆንና ሙሉውን ቤካም ላይ ይጨርሰዋል። ቀለሟ የሚያበራ፣ የመንጠቆ ዘንግ ማስቀመጫዋ የበዛ፣ የስልክ መስቀያ ያላት አዲስ ካያክ በ480 ዶላር ይገዛል። በቀረችው 20 ዶላር ምሳ ይበላል። ላይፍ ጃኬቱስ? «በሚቀጥለው ደሞዝ!»

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ላይፍ ጃኬት የካያክ ማኬሌሌ ነው። ፎቶ ላይ አያምርም፣ ይሞቃል፣ ዓሣ አይዝም። ግን ሁሉም ነገር የቆመው እሱ ላይ ነው።

የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ፣ ኮስት ጋርድ የሚባለው ተቋም፣ በየዓመቱ ቁጥሩን ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 በመዝናኛ ጀልባዎች አደጋ 564 ሰዎች ሞተዋል። የሞቱበት ምክንያት ከታወቀው 75 በመቶው የሞቱት በውኃ ሰጥመው ነው። ከሰጠሙትና ጃኬት መልበስ አለመልበሳቸው ከተመዘገበው ውስጥ ደግሞ 87 በመቶው አልለበሱም ነበር። ቁጥሩ የካያክ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ዓይነት መዝናኛ ጀልባ ነው። መልእክቱ ግን አንድ ነው።

«እኔ ዋና እችላለሁ» የሚል ይኖራል። ጥሩ! ይቻል። ነገር ግን ባሕር በሌላት አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ዋና የሚለው ብዙ ጊዜ የሆቴል መዋኛ ገንዳ ውስጥ ከጫፍ ጫፍ መድረስን ነው። የመጋቢት ፖቶማክ ሌላ ነገር ነው። ፀሐዩ ሲያታልል ውኃው ገና በረዶ ነው። ባለሙያዎቹ በቀዝቃዛ ውኃ ላይ 1-10-1 የሚሉት ስሌት አላቸው። ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው የመጀመሪያዋን 1 ደቂቃ ሳይፈልግ እያለከለከ ትንፋሹን ለመቆጣጠር ይታገላል። ከዚያ እጅና እግሩ በቅጡ የሚታዘዙለት ለ10 ደቂቃ ያህል ነው። ከብርዱ የተነሳ ራሱን እስኪስት ደግሞ 1 ሰዓት ገደማ አለው። ያንን አንድ ሰዓት ለማግኘት ግን ጭንቅላቱ ከውኃ በላይ መሆን አለበት። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ውኃ የጠጣ ዋናተኛ ሁለተኛዋን አያያትም።

ሕጉም ቢሆን ካያክን አልማረም። በአሜሪካ ውኃ ላይ የምትወጣ ጀልባ ሁሉ፣ ካያክም ጭምር፣ ለተሳፋሪዎቿ ቁጥር የሚበቃ፣ ኮስት ጋርድ ያጸደቀው ጃኬት መያዝ አለባት። ለአዋቂ ሰው በአብዛኛው ይያዝ እንጂ ይለበስ ብሎ አያስገድድም። ከመቀመጫ ጀርባ የታሰረ ጃኬት ግን ተጠባባቂ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ በረኛ ነው። ጎሉ ከገባ በኋላ ቢነሳ ምን ይጠቅማል?

እንግዲህ ያቺን 500 ዶላር እንደ ጥሩ አሠልጣኝ እናካፍላት ቢባል እንዲህ ትወጣለች። በቅድሚያ ከ70 እስከ 80 ዶላር ለጃኬት። ለቀዘፋ ተብሎ የተሠራው፣ ብብቱ ሰፋ ያለውና ጀርባው ከፍ ብሎ የተቆረጠው ይመረጣል፤ መቀመጫው አይጋፋውም። ቀጥሎ 60 ዶላር ገደማ ለመቅዘፊያ። ወፍራምና ከባድ መቅዘፊያ 100 ጊዜ ሲነሳ ትከሻን ይገድላል። ሰፋ ላለች የዓሣ ካያክና መካከለኛ ቁመት ላለው ሰው 240 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ያለው ይስማማል። ከዚያ 40 ዶላር መኪና ላይ ለማሰሪያ። ፖርታፓኮ የሌለው ሰው የስፖንጅ ድጋፍና ጠንካራ ማሰሪያ ይበቃዋል፤ ከፊትና ከኋላም መታሰር አለባት። አሥር ዶላር ለፉጨትና ስልክ ለሚቀመጥባት ውኃ የማታስገባ ከረጢት። ፉጨቷ ቀልድ አይደለችም፤ ድምፅ ማሰሚያ መያዝ ግዴታ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድም አለ። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂኒያ ከ16 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ያለ ፈቃድ መንጠቆ ቢጥል ቅጣት ይጠብቀዋል።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ለካያኳ የሚቀረው ወደ 280 ዶላር ነው። «በዚህማ ምን ይገዛል?» ያገለገለ ይገዛል! ሌስተር ሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ሻምፒዮን ሲሆን ማህሬዝን ያመጣው ከ500 ሺህ ፓውንድ ባነሰ ዋጋ ነበር። ርካሽ ስለነበረ ብቻ አልገዙትም። ምን እንደሚፈልጉ አውቀው ነው የገዙት።

ጀማሪው ምን ይፈልግ? አንደኛ፣ ሰው ከላይዋ የሚቀመጥባትን እንጂ እግሩን ወደ ውስጥ የሚያስገባባትን አይደለም። ውስጥ የሚገባባት ከብርድ ትከላከላለች፤ ከተገለበጠች ግን ውኃ ትሞላለች፣ ጀማሪ መሀል ወንዝ ላይ ሊቀዳው አይችልም። ከላይ የሚቀመጡባት የገባውን ውኃ በቀዳዳዎቿ ታፈስሳለች፣ ብትገለበጥም ገልብጦ መልሶ መውጣት ይቻላል። ሁለተኛ፣ ርዝመቷ ከ3 ሜትር እስከ 3 ሜትር ተኩል፣ ስፋቷ ከ75 እስከ 85 ሳንቲ ሜትር ብትሆን ይሻላል። ጠባቧ ትፈጥናለች፤ ዓሣ ሲጎትት ግን ትወዛወዛለች።

ሦስተኛው ብዙዎች የሚሸወዱበት ነው፤ የመሸከም አቅም። ካያኳ ላይ 125 ኪሎ ተብሎ ቢጻፍ ሙሉውን መጫን አይገባም። በተግባር የሚመከረው ሁለት ሦስተኛው፣ ማለትም 83 ኪሎ ገደማ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ዕቃ ከያዘ 95 ሆነ። ስለዚህ ለእሱ የምትሆነው 143 እና ከዚያ በላይ የተጻፈባት ነች። ይህንን ሳይደምር የገዛ፣ ውኃ ላይ ሳይሆን ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ያጠምዳል።

ያገለገለች ሲገዛ ዓይን ይከፈት። ከሥሯ ተገልብጣ ትታይ። ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ አለ? በኋላ በኩል አስፋልት ላይ እየተጎተተች ሳስታለች? ፀሐይ ቀለሟን አንጥቶታል? ስትነቀነቅ ሆዷ ውስጥ ውኃ ይንቦጫረቃል? ይህ ፕላስቲክ በተራ ማጣበቂያ በቀላሉ እሺ አይልም፤ ስለዚህ «ትንሽ ስንጥቅ ነች ወንድሜ» የሚል ሻጭ ካለ ደህና ዋል ብሎ መሄድ ነው። ጊዜውም ይመረጥ። ፀደይ ሲመጣ ሁሉም ገዢ ነው፣ ዋጋው ይሰቀላል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ግን ክረምቱን ማስቀመጫ ያጣው ሁሉ ይሸጣል፤ አከራዮችም ያገለገሉትን ያወጣሉ። የዝውውር መስኮት ማለት ይሄ ነው።

ተቃራኒ ሐሳብ አለ፤ መሰማትም አለበት። «ርካሽ የሚገዛ ሁለቴ ይገዛል፣ ተቆጥቦ በእግር የምትነዳዋ ትገዛ» ይላሉ። እውነት አላቸው። ሆቢ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 በፔዳል የምትሄድ ካያክ ካመጣ ወዲህ እጁን ለመንጠቆው ነፃ ያደረገ ሰው ወደ ኋላ አይመለስም። ግን ዋጋዋ ከ1 ሺህ ዶላር አልፎ እስከ 4 ሺህም ይሄዳል፤ ከባድም ነች። ስፖርቱን ይወደው አይወደው ገና ያላወቀ ሰው ይህንን ማውጣት፣ ሙከራ ሳያሳይ የአምስት ዓመት ውል መፈረም ነው። ይልቅ መጀመሪያ ይከራይ። በሁለት ቅዳሜ ኪራይ ጀርባው የሚችለው ምን ዓይነት መቀመጫ እንደሆነ ያውቃል። አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖር ሰውም 25 እና 30 ኪሎ ፕላስቲክ ደረጃ ለደረጃ መጎተትን አስቀድሞ ያስብበት። ለእንደሱ ዓይነቱ በአየር የምትነፋው ካያክ ሞኝነት አይደለችም። ነፋስ እንደ ላባ ይገፋታል፤ መንጠቆም በቶሎ ይወጋታል። ጥንቃቄ ካለ ግን ታጠምዳለች።

ለዘንግ ማስቀመጫ ተብሎ 100 ዶላር መጨመር ደግሞ አያስፈልግም። እንደ ቢራ ሳጥን ያለ የፕላስቲክ ሳጥን ከመቀመጫው ጀርባ አስሮ፣ ሁለት ቁራጭ የውኃ ቱቦ ገጥሞ ዘንጉን ማቆም ይቻላል። ነባሮቹ ሳይቀሩ የሚያደርጉት ነው።

ካያኳ ከተገዛች በኋላ የመጀመሪያው ቀን ዓሣ የሚጠመድበት መሆን የለበትም። ልምምድ ነው። በሞቃት ቀን፣ ወገብ በሚደርስ ውኃ ላይ፣ ጃኬት ለብሶ፣ ጓደኛ ዳር ቆሞ፣ ሆን ብሎ መገልበጥና መልሶ መውጣት። አምስት ጊዜ! ፍጹም ቅጣት ምት ሳይለማመድ ፍጻሜ የሚገባ ቡድን ምን እንደሚገጥመው ማንም ያውቃል።

እዚህ አገር ያለው አንባቢ «እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ያገባዋል። ጣና ላይ በደንገል ታንኳ የሚሠራ ሰው ታንኳው ውኃ ሲመጥ እንደሚከብድ ስለሚያውቅ አውጥቶ ያደርቃል። ከዓሣው በፊት የሚያስበው የሚያንሳፍፈውን ነው። ለሽርሽር የሚሄደው ከተሜ ግን ሐዋሳም ሆነ ባሕር ዳር ጀልባ ላይ ሲወጣ ጃኬቱን «ይሞቃል» ብሎ ጎኑ ያስቀምጣል፣ ፎቶ ያበላሽብኛል ይላል። ቨርጂኒያ የሄደው አብሮ አደግም ይህንኑ ልማድ ይዞ ነው የሄደው። እሱ ፖቶማክ ላይ ቢገለበጥ ሌሊት የሚጮኸው ስልክ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ሲደውል፣ የካያኳን ቀለምና ዋጋ ከመጠየቅ በፊት «ጃኬቱን ገዛህ ወይ?» ይባል። አልገዛሁም ካለ ካያኳ ትቆይ። ቤካም አይቸኩልም። ማኬሌሌ ይቅደም።