ለ31 ባይት ብለን ስንት ዕቃ ጣልን?

የኢንተርኔት ዶንግል ትዝ ይላችኋል? የስልክ ሆትስፖት እንዲህ ሳይለመድ በፊት፣ ሲም ካርድ ገብቶበት ላፕቶፕ ላይ የሚሰካው ፍላሽ መሳይ ዕቃ። ደብረ ማርቆስም ሆነ ዙሪያዋ ባሉት የወረዳ ከተሞች የቢሮ መሳቢያ ቢፈተሽ አንድ ሁለቱ አይጠፋም።

ይህ ዕቃ አስቂኝ ጠባይ ነበረው። መጀመሪያ ሲሰካ ሞደም ነኝ አይልም፤ ሲዲ ነኝ ይላል። ኮምፒውተሩ እንደ ሲዲ ይከፍተውና ውስጡ ያለውን የዊንዶውስ ፕሮግራም ይጭናል። ከዚያ ፕሮግራሙ ለዶንግሉ አንዲት አጭር መልእክት ይልካል፤ ዶንግሉም ሲዲነቱን ትቶ ሞደም ይሆናል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ኢንተርኔት ለመክፈት ድራይቨር ያስፈልጋል፣ ድራይቨር ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት፤ ስለዚህ ዕቃው ራሱ ተሸክሞት ይምጣ ነው ነገሩ። ችግሩ መልእክቷን የሚያውቃት የዊንዶውሱ ፕሮግራም ብቻ መሆኑ ነው። ሊኑክስ የጫነ ሰው ዶንግሉን ሲሰካ ሲዲ ሆኖበት ይቀራል።

መፍትሔው የመጣው ከአምራቾቹ አይደለም። ዮሱዋ ዲትሰ የተባለ ፕሮግራመር ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ሠራ፤ በየአገሩ ያሉ ሰዎችም የየዶንግላቸውን መልእክት እየፈለጉ ዝርዝሩን አሳደጉት። አፈላለጉ ሪቨርስ ኢንጂነሪንግ ይባላል፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ጆሮ ጠቢነት ነው። ዶንግሉን ዊንዶውስ ላይ ትሰካላችሁ፣ በዩኤስቢ በኩል የሚያልፈውን ሁሉ ትቀዳላችሁ፣ ከመለወጡ በፊት ምን እንደተባለ ታያላችሁ፣ ያንኑ ከሊኑክስ ትልካላችሁ። ለብዙዎቹ የሁዋዌ ዶንግሎች መልእክቷ 31 ባይት ናት፤ 55 53 42 43 ብላ ትጀምራለች፣ ይህም በኮምፒውተር አጻጻፍ ዩ፣ ኤስ፣ ቢ፣ ሲ የሚሉት ፊደላት ናቸው። የተሰበረ ቁልፍ፣ የተሰረቀ ፓስወርድ የለም። አንዳንዶቹ ዶንግሎች እንዲያውም «ሲዲውን አውጣ» የሚለው ተራ ትእዛዝ ይበቃቸዋል።

ይህን የምለው የድሮ ዶንግል ናፍቆኝ አይደለም። ያው ታሪክ አሁን በስካነርና በፕሪንተር ሊደገም ስለሆነ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ብዙዎቹን አሮጌ ኮምፒውተሮች አይቀበልም፤ ቢቀበልም የአሮጌው ስካነር አምራች አዲስ ድራይቨር የመጻፍ ግዴታ የለበትም። ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቶ የሚኖር ልጅ መብራቱ የሚበራ፣ ሞተሩ የሚዞር ስካነር ታቅፎ «ተበላሸ» ይባላል። አዲስ ይግዛ እንዳይባል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ለእኛ አንድ ድራይቨር ማለት ሙሉ ዕቃ ከውጭ ማስገባት ወይም አለማስገባት ማለት ነው።

«ሊኑክስ ነጻ ነው» የሚለው የተለመደ ክርክር ግን እዚህ አገር አይሠራም፣ እንተማመን። ዊንዶውስም በነጻ ነው የሚጫነው፤ ጫኙ ልጅ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ የሚከፈለው ለድካሙ ነው። የሊኑክስ ትክክለኛ ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። አብዛኛው ድራይቨር ከሲስተሙ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ሰክቶ መሥራት ይቻላል። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ድራይቨር ፍለጋ ጎግል የማይደረግበት ጊዜ ምን እንደሚመስል አይተናል።

ድራይቨሩ ከሌለስ? እዚህ ላይ ነው የኮምፒውተር ተማሪዎቻችንን የምወቅሰው። ለነገሩ ጥፋቱ የአስተማሪዎቻቸውም ነው። በየዓመቱ የመመረቂያ ፕሮጀክቱ የሆነ ነገር «ማኔጅመንት ሲስተም» ነው፤ ከምርቃቱ ማግስት ጀምሮ ማንም አይከፍተውም። አራት ተማሪ አንድ የተጣለ ስካነር ይዞ አንድ ሴሚስተር ቢደክምበት ምን ይጎድላል? በኢኮኖሚክስ ዓይን ይህ ከሚገርሙት ምርቶች አንዱ ነው፤ ለመጀመሪያው ሰው ወራት ይፈጃል፣ ከሁለተኛው ሰው ጀምሮ ግን ወጪው ምንም ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የተገኘው ባይት ለሞጣም፣ ለፍኖተ ሰላምም፣ ለናይሮቢም ያው ባይት ነው።

ሁሉም ይሳካል ማለቴ አይደለም። አንዳንዱ ዕቃ ንግግሩን ያመሰጥራል፤ እሱ ላይ ጊዜ ማቃጠል ዋጋ የለውም። ደግሞ ከመጀመር በፊት ሴን የሚባለው የሊኑክስ የስካነር ፕሮጀክት የሚያወጣውን ዝርዝር ማየት ግድ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ስንቱን ስካነር ፈትተው ጨርሰውታል፣ ከዝርዝሩ ላይ «አይደገፍም» የተባለውን ነው መያዝ።

መሣሪያው አያስቸግርም። አንድ ሊኑክስ ያለበት ላፕቶፕ፣ በውስጡ በቨርቹዋል ቦክስ የተጫነ ዊንዶውስ፣ የሚያልፈውን ለመቅዳት ዩኤስቢሞን፣ የተቀዳውን ለማንበብ ዋየርሻርክ፤ ሁሉም ከዊንዶውሱ በቀር ክፍያ የላቸውም። ከዚያ ነጭ ወረቀት ስካን ማድረግ፣ ቀጥሎ ጥቁር፣ ቀጥሎ ግማሽ ነጭ ግማሽ ጥቁር፤ በየጊዜው የተለወጠው ባይት የቱ እንደሆነ በደብተር መጻፍ። አሰልቺ ነው፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። አማካሪ መምህሩ «ዳታቤዙ የታለ?» ብሎ ካልመለሳቸው በቀር ለአንድ ሴሚስተር የሚበቃ ሥራ ነው።