ለብቻዋ የምትጣድ ድስት

የእህቴ ልጅ ወተትና እንቁላል አይስማሟትም፤ ሐኪሞች አለርጂ መሆኑን ካረጋገጡ ቆይተዋል። ለእሷ ዐቢይ ጾም የሰላም ወቅት ነው። 55ቱን ቀን ቤተሰቡ ከቅቤ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሚርቅ ምስሩንም፣ ክኩንም፣ ጎመኑንም ከሰው እኩል ከአንድ ትሪ ትበላለች። የእናቷ ጭንቀት የሚጀምረው ሌላው ሰው በሚደሰትበት ሌሊት ነው፤ ጾሙ ተፈትቶ የዶሮው ድስት ሲከፈት።

ፋሲካን የምናከብረው አዳማ ነው። ዘመድ ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከሻሸመኔ ይሰበሰባል። አንዱ ሽንኩርት በማዳበሪያ ጭኖ ይመጣል፣ ሌላዋ ከአርሲ ነገሌ ቅቤና አይብ ይዛ ትደርሳለች። ቤቱ ይሞላል፤ ድስቱን የሚያማስለው እጅ ይበዛል፤ ልጆችን የሚያጎርሰው እጅ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። አለርጂ ላለበት ልጅ የበዓል ማዕድ የሚከብደው ለዚህ ነው። ጉርሻ የሚመጣው በፍቅር ነው፤ የሚጎርሰው ልጅ ግን ከየትኛው ወጥ እንደተጠቀሰ አያውቅም። «አይስማማኝም» ያለች ልጅ ወይ ቀበጥ ትባላለች፣ ወይ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ ጉረሺልኝ!» ትባላለች። የሰባት ዓመት ልጅ የአክስቷን «በሞቴ» እንዴት እምቢ ትበል? ትልቅ ሰው እንኳ ይቸግረዋል። «ትንሽ ትንሽ እየቀመሰች ትለምደዋለች» የሚሉም አሉ። እንዲህ ያለ ማለማመድ በሐኪም ክትትል ብቻ የሚደረግ ሕክምና ነው፤ በማዕድ ላይ የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ ጥንቃቄው የልጅቷ ሸክም መሆን የለበትም፤ የጠሪው ነው።

መለየት ደግሞ እናውቅበታለን። ጾመኛ ባለበት ቤት የፍስኩን ጭልፋ የጾም ወጥ ውስጥ የሚነክር የለም፤ ከነከረም ያ ወጥ ለጾመኛው አይቀርብም። አዳማ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አጥር ተጋርተው የሚኖሩባት ከተማ ናት። ሠርግ ሲደገስ የሙስሊም እንግዶች ምግብ ለብቻው ይሰናዳል፤ ከብቱን የሚያርደው ሙስሊም ነው፣ ድስቱና ቢላዋው ይለያል፣ ብዙ ጊዜም የሚሠሩትና የሚያስተናግዱት ሙስሊም ጎረቤቶች ናቸው። ይህን ቅብጠት ነው የሚል የለም። «ትንሽ ቢነካካ ምን አለበት?» የሚል ደጋሽ ቢገኝ ሰፈሩ ያፍርበታል። ለእንግዳ እምነት የምናደርገውን ይህን ጥንቃቄ ለአንድ ልጅ ትንፋሽ ብናደርገው አዲስ ወግ አላመጣንም።

ዶሮ ወጡን እንውሰድ። ለእህቴ ልጅ አደገኛ የሆኑት ቅቤውና እንቁላሉ ናቸው፤ ዶሮው፣ ሽንኩርቱና በርበሬው አይደሉም። ቁሌቱ በዘይት ከተሠራ ቅቤ ሳይገባበት ድርሻዋን ወደ ትንሽ ድስት መቀነስ፣ ሁለት ብልት ዶሮ ጨምሮ እዚያው ማብሰል ይቻላል። ትንሿ ድስት ብረት ብትሆን ይመረጣል፤ የሸክላ ድስትና የእንጨት ማማሰያ ለዓመታት ቅቤ ሲጠጡ ስለኖሩ በማጠብ ብቻ አይታመኑም። የራሷ ጭልፋ ይኑራት፤ በድስቷ ጆሮ ላይም ሁሉም የሚያውቀው ክር ይታሰርባት። እንቁላል የሌለው ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ አይደለም የሚሉ አሉ፤ እኔም እስማማለሁ። ትልቁ ድስት እንደ ወጉ 12ቱን ብልት ከነእንቁላሉ ይያዝ፤ ትንሿ ድስት ግን ቀድማ ትውጣ፣ ልጅቷም ከትልቁ ትሪ አጠገብ የራሷ ሳሕን ይሰጣት። የሚያጎርሳት ሰው ቢኖር እጁን ታጥቦ ከእሷ ሳሕን ያጉርሳት።

የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ቅቤ ሲነጠር ወተትነቱ ይጠፋል ይባላል፤ በተነጠረ ቅቤ ውስጥ የወተት ፕሮቲን ርዝራዥ ይቀራል። የፍየል ወተት አይጎዳም ይባላል፤ ፕሮቲኑ ከላም ወተት ጋር በጣም ስለሚመሳሰል አብዛኛውን ጊዜ እሱም ይጎዳል። «እኔንም ወተት ይነፋኛል፣ እርጎ ግን ይስማማኛል» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ችግራቸው ሌላ ነው። የእነሱ ሆድ የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ አይፈጭም፤ ያስጨንቃቸዋል እንጂ ሕይወታቸውን አያሰጋም። አለርጂ የሰውነት መከላከያ የምግቡን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲነሣበት ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው እርጎም፣ አይብም፣ ቅቤም አንድ ናቸው።

ስንዴ ለማይስማማው ዘመድ ከድፎው ጎን የበቆሎ ዳቦ ወይም የጤፍ ቂጣ ማዘጋጀት አያስቸግርም፤ ከመቂ እስከ ሻሸመኔ በቆሎ ሞልቷል። ጤፍ ራሱ ግሉተን የለውም፤ ከሱቅ የሚገዛ እንጀራ ግን ሌላ እህል ሊቀላቀልበት ይችላል፣ ወፍጮውም ከጤፉ በፊት ስንዴ ፈጭቶ ሊሆን ይችላል። ጠላም ከብቅል ስለሚጠመቅ ግሉተን ለተከለከለ ሰው አይሆንም፤ ብርዝ ይቅረብለት።

አለርጂው የሰሊጥ፣ የኦቾሎኒ ወይም የዓሣ የሆነበት ሰው የሰላምና የጭንቀት ወቅቱ ከእህቴ ልጅ ይገለበጣል። ለእሱ የሚያሰጉት የጾም ምግቦች ናቸው፤ ባቱ ላይ ዓሣ የተጠበሰበት ዘይት ሳይቀር። ከውጭ ዘመድ የሚልከውን ብስኩትና ቸኮሌትም ማንበብ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ሕግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2023 መግቢያ ጀምሮ ሰሊጥን 9ኛ አድርጎ ጨምሮ ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች በእሽጉ ላይ እንዲጻፉ ያዝዛል፤ እንግሊዝኛ የሚያነብ ወጣት በየቤቱ ስላለ ለልጆች ከመታደሉ በፊት ያንብበው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ስህተት ሊፈጠር ይችላል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከተበላ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይታያል፤ ሽፍታ፣ የከንፈርና የዓይን እብጠት፣ ማስመለስ፣ የድምፅ መሻከር፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ ራስን መሳት። በሰው መካከል እየበላ የታመመ ልጅ «ዓይን ነው» ተብሎ ጤና አዳም ሲፈለግለት ውድ ጊዜ ያልፋል። ትንፋሽ ሲታፈን ቀዳሚው መድኃኒት ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። የአለርጂ ክኒን ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ የሚዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። ልጁ እንዲቆም ወይም እንዲራመድ አይደረግ፤ ይጋደም፣ መተንፈስ ከከበደው ደግሞ ተደግፎ ይቀመጥ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይወሰድ።

እንግዳ የምትጠሩ ሁሉ፣ ሽንኩርቱ ከመከተፉ በፊት ለየእናቱ ደውሉና «ልጆቹ የማይስማማቸው ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። በበዓሉ ሌሊት የትኛው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ድንገተኛ ሕክምና እንደሚሰጥ፣ አድሬናሊን እንዳለው፣ መኪናውን ማን እንደሚይዝ ደግሞ ዓርብ ላይ አጣሩ።