ስለ ድሬዳዋ አይሮፕላን ማረፊያና ስለ መኪና ማቆሚያ ጉዳይ

የመኪና ማቆሚያ ቦታ የነጋዴ ጉዳይ ነው ብል ፈገግ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ቀረጡ፣ የውጭ ምንዛሪው፣ የጭነቱ ዋጋ እያለ ስለ መኪና መቆሚያ መጻፍ ምን ይባላል? ሆኖም በአስመጪና ላኪ ነጋዴ ቤት በጸሐፊነት የሚያገለግል ሰው፣ የአሠሪውን ትኬት የሚያስቆርጥ፣ የጭነት ወረቀቱን የሚያዘጋጅ፣ መኪናውንም በሰዓቱ የሚልክ እርሱ ነውና፣ የንግድ ቤቱ ጊዜ በየት በየት በኩል እንደሚባክን ከሌላው አስቀድሞ ያያል። እኔም በዚህ ሥራ ላይ ሆኜ የደረስሁበት አሳብ ይህ ነው፤ ወደ አይሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሰው አድርሶ የሚመለሰው፣ ባለቤቱን እስከ ማታ የሚጠብቀውና ጭነት ይዞ የሚመጣው ካሚዮን ሦስት ልዩ ልዩ ጉዳይ ያላቸው ናቸው፤ ቦታቸውም ዋጋቸውም ሊለያይ ይገባል።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ በደረሰ ጊዜ ከተማይቱ በጣቢያው ዙሪያ ተቈረቈረች። ስለዚህ የከዚራ ነጋዴ ከሱቁ ወጥቶ ወደ ባቡሩ በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ዕቃውም በጋሪና በሰው ትከሻ ይመላለስ ነበር። ጣቢያው ለገበያው፣ ገበያውም ለመኖሪያው የቀረበ ስለ ነበር፣ መኪናዬን የት ላቁመው ብሎ የሚጨነቅ ሰው አልነበረም። የአይሮፕላን ጠባይ ግን ሌላ ነው። ረጅም ሜዳና ከሕንፃ የጸዳ አየር ስለሚፈልግ ከከተማ ይርቃል፤ የእኛም ማረፊያ ከከተማው አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ የተሠራው በዚሁ ምክንያት ነው። ከሐረር የሚመጣው መንገደኛ ደግሞ በሐረር ለሕዝብ የሚያገለግል አይሮፕላን ጣቢያ ስለሌለ፣ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ ነው የሚደርስ። በእግሩ የሚመጣ የለምና፣ መንገደኛ በመጣ ቍጥር መኪና መጣ ማለት ነው። አዲሱም የባቡር ጣቢያ ከከተማው ውጭ ስለ ሆነ፣ በ2009 ዓ.ም. መስመሩ ከተመረቀ ወዲህ የባቡሩም ጉዳይ የመኪና ጉዳይ ሆኗል።

ማረፊያው የሚጠራው በደጃዝማች ይልማ መኰንን ስም ነው። ደጃዝማች ይልማ የልዑል ራስ መኰንን ልጅ ሲሆኑ፣ አባታቸው በ1898 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ የሐረርን አገር ለጥቂት ጊዜ ገዝተዋል። በእርሳቸው ዘመን አይሮፕላን በአገራችን ሰማይ ላይ አልታየም ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ግን ድሬዳዋ ከአየር ንግድ ጋር በቶሎ ተዋወቀች። በ1940ዎቹ ዓመታት ዳኮታ የሚባሉት ባለ ሁለት ሞተር አይሮፕላኖች የሐረርጌን ጫት ወደ ዓደን ያመላልሱ ነበር። ዓደንን ያስተዳድር የነበረው የእንግሊዝ መንግሥት በ1949 ዓ.ም. ጫት እንዳይገባ ከለከለ፤ ክልከላውም ብዙ ሳይቈይ በ1950 ዓ.ም. ተነሣ። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ ማረፊያ ታሪክ ከመንገደኛው ይልቅ በጭነቱ ይታወቃል ለማለት ነው። እንግዲህ ማቆሚያው ሲታሰብም የሻንጣ ባለቤት ብቻ ሳይሆን የጭነት ባለቤትም መታሰብ አለበት።

ጫት ከተቈረጠ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ ገበያ ካልደረሰ ኃይሉን የሚያጣ ቅጠል ነው። የጫት አይሱዙ ነጂዎች ፍጥነት በመላው አገር የሚወራበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ድርጊቱን ባልደግፍም ምክንያቱን አውቃለሁ። ነጂው ከአወዳይ እስከ ሜዳው ድረስ በሰው ሕይወት እየቀለደ ያተረፋትን ግማሽ ሰዓት፣ እንግዳ ሊቀበሉ ከመጡ የቤት መኪናዎች ኋላ ተሰልፎ ቢያጠፋት ትርፉ ለማን ነው? ነገሩ በጫት ብቻ አያበቃም። አትክልት፣ መድኃኒት፣ የመኪና መለዋወጫ፣ በአየር የሚላክ ማናቸውም ዕቃ በአየር የሚላከው ስለሚቸኩል ነው። ስለዚህ ለጭነት መኪና የተለየ በር፣ የተለየ መጠበቂያና ዞሮ መውጫ የሚሆን ሰፊ ቦታ ያስፈልገዋል። ነጻ የንግድ ቀጠና በድሬዳዋ ከተከፈተበት ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ጉዳይ ለነገ ማሳደር የሚቻል አይመስለኝም።

ወደ ሁለተኛው ዓይነት መኪና ልለፍ። አንድ ባለ ሱቅ መርካቶ ወርዶ ዕቃ አይቶ፣ ከባንክ ጉዳዩን ጨርሶ፣ በማግስቱ ሊመለስ ይነሣል እንበል። በየብስ ቢሄድ መንገዱ ቀኑን ይጨርሰዋል፤ በአየር ግን አንድ ሰዓት ያህል ነው። መኪናውን በተጠበቀ ስፍራ ትቶ መሄድ ከቻለ አንድ ጊዜ ገባ፣ አንድ ጊዜ ወጣ። ይህ ካልተቻለ ግን ነጂ ወይም ዘመድ ያደርሰዋል፤ መኪናው ባዶውን ይመለሳል፤ በማግስቱም ሊቀበለው ዳግመኛ ይመጣል። በበሩ ላይ ሁለት ጊዜ ያልፍ የነበረው መኪና አራት ጊዜ ያልፋል ማለት ነው። የቀን ማቆሚያ መከልከል መጨናነቅን ያቃልላል ብለው የሚያስቡ ሰዎች ይህን ሒሳብ ቢመለከቱልኝ ደስ ይለኛል።

በሌላ በኩል ቀኑን ሙሉ የሚቆም መኪና ከሕንፃው ደጃፍ አጠገብ ሊሆን አይገባውም። አሥር ሰዓት በሚቆምበት በዚያ ቦታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት የሚቆሙ ሃያ መኪናዎች ይስተናገዱበት ነበር። የሚያስፈልገው መሬትም የሚያስፈራ አይደለም። አንድ መኪና ለመቆሚያው ሁለት ሜትር ተኩል በአምስት ሜትር ቢበቃው፣ መተላለፊያው ሲጨመር ሃያ አምስት ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ለመቶ መኪና ሩብ ሄክታር መሆኑ ነው። ጥቂት ራቅ ያለ፣ የታጠረ፣ መብራትና ዘበኛ ያለው ሜዳ ይበቃል። በድሬዳዋ ፀሐይ ደግሞ ጥላ ቅንጦት አይባልም። ዛፍ ይተከል የሚሉ አሉ፤ ፍሬ የሚያፈራ ዛፍ ግን ወፍ ይሰበስባል፤ ወፍም ለአይሮፕላን ሞተር ጠላት ነው። ስለዚህ ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ዳስ ይሻላል።

መኪና ከሕንፃው ራቅ ብሎ እንዲቆም የሚደረገውን ጥበቃ የማማርር አይደለሁም። በሰኔ 1999 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር በግላስጎ አይሮፕላን ማረፊያ ላይ ጋዝ የተጫነ መኪና ከመንገደኞች በር ጋር እንዲላተም ከተደረገ ወዲህ፣ በብዙ አገር በበሮች ፊት የብረትና የሲሚንቶ ምሰሶ ተተክሏል። የእኛም ማረፊያ ከአየር ኃይል ምድብ ጋር ጐረቤት ነው፤ በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በድሬዳዋ ላይ አደጋ ጥሎ እንደ ተመለሰ የዕድሜ ባለጸጎች ያስታውሳሉ። ዘበኛው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ነገር ግን መኪናውን ያራቀ ሰው ለአሮጊቷና ለሕፃን አዛይዋ የተነጠፈ የእግር መንገድና ዕቃ የሚገፋበት ጋሪ ማሰናዳት ይኖርበታል።

የቀረው የገንዘቡ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር ብዙ ማረፊያዎች ሰውን አድርሶ ለሚመለስ መኪና ሳይቀር ዋጋ ያስከፍላሉ፤ የለንደኑ ሂትሮው ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት ፓውንድ ያስከፍል ጀመር፤ ከዚያም ወዲህ ጨመረበት። ይህ ልማድ ወደ እኛ እንዲመጣ አልመኝም። በዚያ አገር መንገደኛውን በባቡር መላክ ይቻላል፤ እኛ ዘንድ ግን ልጇን ወደ ዓረብ አገር የምትሸኝ እናት ከባጃጅ በቀር ምን አላት? በአሜሪካ አገር፣ ብዙ ወገኖቻችን ታክሲ በሚነዱበት በዋሽንግተኑ ዳላስ፣ እንግዳ ለሚቀበል መኪና ከሕንፃው ራቅ ያለ ነጻ መጠበቂያ አለ፤ ነጂው ከመኪናው ሳይወርድ ስልኩ እስኪጠራ ይቈያል፤ ከዚያም መጥቶ እንግዳውን ጭኖ ይሄዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ባዶ ሜዳና አንድ የተጻፈበት ሰሌዳ ብቻ ነው።

ለአድራሽና ለተቀባይ ነጻ ይሁን፤ ቀኑን ሙሉ የሚያቆም ግን ይክፈል እላለሁ። ይህን ስል ከፋዮቹ በአብዛኛው እኛው የዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች እንደምንሆን አልጠፋኝም፤ አሠሪዬም ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሉኝ እገምታለሁ። ለተጠበቀ መኪና መክፈል ግን ከነጂ የቀን አበልና ከሁለት ምልልስ ቤንዚን ይረክሳል። አንድ ነገር ብቻ ይስተካከል። ስሙን በማልጠራው በሌላ ማረፊያ እንግዳ ልቀበል ሄጄ፣ አይሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ሲዘገይ የማቆሚያው ሒሳብ እኩል ከፍ እያለ ሄዶ አስከፍለውኛል። ዋጋ ሲወጣ፣ ለሚጠብቅ ሰው ሒሳቡ አይሮፕላኑ ካረፈበት ደቂቃ ጀምሮ እንዲቈጠር ቢደነገግ ፍርድ ይሆናል።

ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱ አይሮፕላን ማረፊያዎች አስተዳደር በኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ሥር ተጠቃሏልና፣ አቤቱታው ወዴት እንደሚሄድ የታወቀ ነው። ባዶ እጅን ይዞ ከመሄድ ግን ምክር ቤታችን ሁለት ጸሐፊዎች መድቦ ለአንድ ሳምንት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ በበሩ የሚያልፈውን መኪና ቢያስቈጥር መልካም ነው፤ ስንቱ አድራሽ፣ ስንቱ የሚያድር፣ ስንቱ ካሚዮን፣ ስንቱ ባጃጅ እንደ ሆነ፤ እያንዳንዱም ስንት ደቂቃ እንደ ቆመ። መዝገቡን የሚይዝ ሰው ቢቸግር እኔ ቅዳሜን ለመቀመጥ ዝግጁ ነኝ።