አዲሷ ዶሮ ለብቻዋ ትክረም

አንድ ዓመት ለበዓል ከመካነ ሰላም ገበያ ያማረች ቄብ ገዛሁና ያኑ ማታ ከነባሮቹ ጋር ቆጥ ላይ አወጣኋት። በሳምንቱ አረንጓዴ ቅዘን፣ አንገት መጠምዘዝ መጣ፤ ከ9 ዶሮ አንዲት ተረፈች። ፈንግል ነው። ተላላፊ በሽታ ያለበትን ሰው ለብቻ ሳስተኛ የኖርኩ ነርስ፣ ለዶሮዬ ረሳሁት!

በፈንግል የተያዘች ዶሮ ምልክት ሳታሳይ ከ2 እስከ 15 ቀን ልትቆይ ትችላለች። ስለዚህ አዲሷን 2 ሳምንት፣ ቢቻል 3፣ ራቅ አድርጋችሁ አቆዩአት፤ የውኃ ዕቃዋም ለብቻ ይሁን። ጥሬ መጀመሪያ ለነባሮቹ ስጡ፣ ኋላ ለእሷ፤ ከዚያ እጃችሁንም ጫማችሁንም ታጠቡ። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ ጤነኛ ሳሉ ነው። የሞተችውን ቅበሩ፣ ለውሻ አትጣሉ።

ያኔ ጎረቤቴ «እታለም፣ ሳይሞቱ ቶሎ ሽጫቸው» ብላኝ ነበር። የእኔዋም ቄብ እንዲያ ተብላ የተሸጠች ሳትሆን አትቀርም።