የመጠበቅ ምክርና የታነቀ የብሽሽት ቡአ

የብሽሽት ቡአ፣ በሕክምናው አጠራር ሄርኒያ፣ የሆድ ዕቃ በሆድ ግድግዳ የሳሳ ቦታ በኩል ወደ ብሽሽት ሲወጣ የሚፈጠር እብጠት ነው። ሕመምተኛው ሲቆም፣ ሲያስል ወይም ሸክም ሲያነሣ ይወጣል፤ በጀርባው ሲተኛ ይመለሳል። የሚያዘናጋውም ይህ መመለሱ ነው። ብዙዎች እብጠቱን ይዘው ለዓመታት ያርሳሉ፣ ያጭዳሉ፣ ይነግዳሉ። አንድ ቀን ግን አንጀቱ በጠባቡ ቀዳዳ ተይዞ ይቀራል። በመጀመሪያ በውስጡ የሚያልፈው ምግብና አየር ይዘጋል፤ ቀጥሎ ከአንጀቱ የሚመለሰው ደም ይታገድና አንጀቱ ያብጣል፤ በመጨረሻም ወደ እርሱ የሚደርሰው ደም ተቋርጦ አካሉ መሞት ይጀምራል። ይህ ሁሉ የሚለካው በቀናት ሳይሆን በሰዓታት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታተመ አንድ የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ ሕመም የሌላቸውን ወይም ጥቂት የሚያማቸውን 720 ያህል ወንዶች ተከታትሎ ነበር። ቀዶ ሕክምና ሳይደረግላቸው እንዲጠብቁ ከተመደቡት መካከል በድንገት የታነቀባቸው፣ ከ1,000 ሰዎች በዓመት 1.8 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። መጠበቅ ተገቢ አማራጭ ነው የሚለው ምክር ከዚህ ተነሥቶ በሰፊው ተዛመተ። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ምክሩ ግን በቁጥሩ ብቻ የቆመ አይደለም። የሚጠብቀው ሰው የአደጋውን ምልክት እንደሚያውቅ፣ ባወቀም ጊዜ አምቡላንስና ቀዶ ሐኪም በቅርብ እንደሚያገኝ አስቀድሞ ታስቦ የተሰጠ ምክር ነው። ደግሞም እነዚያው ወንዶች በ10 ዓመት ውስጥ 68 በመቶ የሚሆኑት፣ በአመዛኙ ሕመሙ ስለበረታባቸው፣ ወደ ቀዶ ሕክምናው መግባታቸው አልቀረም።

በኢትዮጵያ ገጠር ያለው መንገድ ሌላ ነው። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ ሆስፒታል የሚደረገው ቅብብሎሽ በየደረጃው ሰዓት ይበላል፤ በክረምት ወንዝ ሲሞላማ የባሰ ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ ኀፍረት አለ፤ የብሽሽትን ሕመም ለቤተሰብ እንኳ መግለጥ ነውር የሚመስለው ጥቂት አይደለም። ስሙም ራሱ ያሳስታል፤ በቆለጥ ከረጢት ውስጥ ውኃ ሲቋጥርም ቡአ ስለሚባል፣ አንጀት የወጣበት ሰው የጎረቤቱን አይቶ «አይገድልም» ብሎ ይጽናናል። እብጠቱ ጠጥሮ አልመለስ ሲል፣ ሆድ ሲነፋ፣ ማስታወክ ሲጀምርና ሰገራና አየር ሲቀር በወጌሻ ማሳሸት ወይም በኃይል መግፋት ይሞከራል። የሞተ አንጀት ተገፍቶ ወደ ሆድ ከተመለሰ እብጠቱ ይጠፋል፤ መርዙ ግን ወደ ውስጥ ይገባል።

ሳይታነቅ የመጣ ሰው በአካባቢ ማደንዘዣ ታክሞ በዕለቱ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። ታንቆበት የመጣው ግን ሆዱ ተከፍቶ አንጀቱ ሊቆረጥ ይችላል፤ ደም፣ የኦክስጅን አቅርቦትና የብዙ ቀን አልጋም ያስፈልገዋል። ስለዚህ «የጠረጴዛው ወረፋ ለአጣዳፊዎች ይቆይ» የሚለው ክርክር ሲመረመር ራሱን ያፈርሳል፤ አጣዳፊዎቹን የሚያበዛው ያው ወረፋ ነው። የመረቡ ዋጋም በቂ ሰበብ አይደለም። በኡጋንዳ በ302 ወንዶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ በወባ መከላከያ አጎበር ጨርቅ ከተጠገኑት ከዓመት በኋላ የተመለሰባቸው 0.7 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። አጎበሩ በአግባቡ ከጀርም ይጽዳ እንጂ ከውድ መረብ እምብዛም አላነሰም። በመረብ የማይሠራ ሆስፒታልም ቢሆን በስፌት መጠገን ይችላል።

ሸክም አታንሣ የሚለው የተለመደ ምክር ለገበሬ ትርጉም የለውም፤ የወጣን ቡአ መቀነትም ሆነ እንቅስቃሴ አይዘጋውም። መከላከል ማለት እዚህ ላይ በጊዜ ማከም ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች በሳምንት አንድ ቀን ለዚህ ብቻ ቢመድቡ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ስለ ብሽሽት እብጠት ቢጠይቁ ብዙ ይቀየራል። ጥያቄው ለሴቶችም ይድረስ፤ በጭን ሥር የሚወጣው ዓይነት በእነርሱ ላይ ይበዛል፣ ትንሽ ስለሆነ ይዘነጋል፣ ከሌላውም ይልቅ ይታነቃል። በሪፈር ወረቀቱ ላይ እብጠቱ መመለስ ያቆመበት ሰዓት የሚጻፍበት አንድ መስመር ቢጨመር፣ ጊዜው በየትኛው ደረጃ እንደባከነ ለሆስፒታሉም ለተመራማሪውም ይታይ ነበር።