እስኮርታ የሌላት መኪና

ውድ ባለ ትዳሮች፣ መኪና ስትገዙ የኋላውን የዕቃ መጫኛ ከፍታችሁ እዩ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች፣ ብዙዎቹ እስኮርታ ጎማ የላቸውም። በምትኩ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽና የአየር መሙያ አላቸው። ፈሳሹ ለሚስማር ቀዳዳ ይበቃል፤ የጎማው ጎን ከተቀደደ ግን አይረዳም። ከልጆቻችሁ ጋር፣ በሌሊት፣ ከከተማ ርቃችሁ ቢሆንስ?

እስኮርታ ጨምሩ። የቸርኬው የብሎን ቀዳዳዎች ብዛትና ርቀት፣ የመሐል ቀዳዳውም ስፋት፣ የጎማውም ቁመት ከመኪናችሁ ጋር ይስማማ። ግጭት ቢደርስ እንዳይወረወር በደንብ እሰሩት። ከሥር ባትሪ ስላለ ክሪኩን ምልክት ባለበት ቦታ ብቻ አስገቡ።

ከዚያም ሁለታችሁም በግቢያችሁ ጎማ መቀየር ተለማመዱ። ባል ብቻ መቀየር የሚችለው እስኮርታ፣ ሚስት ብቻዋን በምትነዳበት ቀን እንደሌለ ይቆጠራል።