ዕፅ አሳዳጁን ማን ይቅጣው?

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 የአሜሪካ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት፣ በምህጻሩ ዲኢኤ፣ ኃላፊ የነበሩት ሚሼል ሊዮንሃርት በተወካዮች ምክር ቤት የቁጥጥር ኮሚቴ ፊት ቀርበው ነበር። ጉዳዩ ከባድ ነው። ኮሎምቢያ ተመድበው የሚሠሩ የመሥሪያ ቤቱ ወኪሎች መንግሥት በተከራየላቸው ቤት ውስጥ ሴተኛ አዳሪዎች የሚጠሩበት ድግስ ይታደሙ ነበር፤ የድግሱን ወጪ የሚሸፍኑት ደግሞ ወኪሎቹ ሊይዟቸው የተላኩት የዕፅ አዘዋዋሪዎች ነበሩ። መገኘታቸውን ያመኑት ወኪሎች ቅጣት ከ2 እስከ 10 ቀን የሚደርስ እገዳ ሆነ። ለምን አልተባረሩም ተብለው ሲጠየቁ ሊዮንሃርት የሲቪል ሰርቪስ ሕጉ በዲሲፕሊን ሂደቱ ጣልቃ እንዳይገቡ እንደሚከለክላቸው ተናገሩ። አብዛኞቹ የኮሚቴው አባላት፣ ከሁለቱም ፓርቲዎች፣ በእሳቸው እምነት እንደሌላቸው በጽሑፍ አስታወቁ። በሳምንቱ ሊዮንሃርት ጡረታ እንደሚወጡ ተነገረ።

ይህን የሰማ ሰው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ ለኃላፊዋ የማባረር ሥልጣን ይሰጣቸው የሚል ነው። ቁጣውን እኔም እጋራዋለሁ። በወንጀለኛ ገንዘብ የተዝናና መርማሪ የጥቂት ቀን ደመወዝ ቀርቶበት ወደ ጠረጴዛው መመለሱ ለማንም አይዋጥለትም። ይሁን እንጂ ይህ ሥልጣን ከዚያ 39 ዓመት ቀደም ብሎ በከፊል ተሰጥቶ ነበር፤ የተሰጠበት ምክንያትም ቁጣችንን ቆም ብለን እንድንመረምር ያስገድደናል።

ዲኢኤ የተመሠረተው በፕሬዚዳንት ኒክሰን ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ በየቦታው ተበታትነው የነበሩ የዕፅ ቁጥጥር ቢሮዎች ሲዋሃዱ ነው። ከቀደሙት ቢሮዎች ሠራተኛና መዝገብ ብቻ ሳይሆን ነውርም ወርሷል። በ1960ዎቹ መጨረሻ አንድሪው ታርታሊኖ የተባሉ መርማሪ የፌዴራል ናርኮቲክስ ቢሮን የኒው ዮርክ ቅርንጫፍ ሲፈትሹ ብዙ ወኪሎች ሥራቸውን ለቀው ወጥተዋል። ውህደቱ ሊፈጸም ጥቂት ወራት ሲቀሩት ደግሞ በኢሊኖይ ግዛት ኮሊንስቪል በተባለች ከተማ፣ በኋላ ወደ ዲኢኤ የተጠቃለለ አንድ ክፍል ወኪሎች የሁለት ንጹሐን ቤተሰቦችን ቤት በስሕተት ሰብረው ገብተው ነዋሪዎቹን በጠመንጃ አስፈራሩ። ተከሰሱ፤ ነጻ ወጡ።

ዋናው ግጭት የመጣው በ1975 ነው። ታርታሊኖ አሁን በአዲሱ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ሹም ሆነዋል። የመጀመሪያው ኃላፊ ጆን ባርተልስ በአንድ የቅርብ ባልደረባቸው ላይ የተጀመረውን የውስጥ ምርመራ አደናቅፈዋል የሚል አቤቱታ ይዘው ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ሄዱ። በሴናተር ሄንሪ ጃክሰን የሚመራው የሴኔቱ የምርመራ ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን በአደባባይ ሰማ። ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ሌቪም ባርተልስ ከኃላፊነት እንዲለቁ አደረጉ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በጥቅምት 1976፣ ፕሬዚዳንት ፎርድ የፈረሙት የወንጀል ቁጥጥር ሕግ ስለ ዲኢኤ ሠራተኞች አንድ ክፍል ይዞ ወጣ። በዚያ ክፍል መሠረት ከ16 እስከ 18 ባለው የመንግሥት የደመወዝ ደረጃ የሚገኙ የሥራ መደቦች፣ እንዲሁም በደረጃ 15 ያሉ የክልል ዳይሬክተሮች፣ የቢሮ ኃላፊዎችና የኃላፊው የቅርብ ረዳቶች በውድድር ከሚገኘው የሲቪል ሰርቪስ ጥበቃ እንዲወጡ ተደረገ። ኃላፊው ለሥራው ቅልጥፍና ይጠቅማል ብሎ ካመነ ከእነዚህ ሹሞች ማንኛውንም ማሰናበት፣ ከ30 ቀን በላይ ማገድ ወይም ከደረጃው ዝቅ ማድረግ ይችላል። ሹሙ ምክንያቱ በጽሑፍ ይደርሰዋል፤ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ያገኛል፤ ውሳኔውም በጽሑፍ ይሰጠዋል። ምስክር መስማትና ችሎት መቀመጥ ግን ኃላፊው ከፈቀደ ብቻ የሚሆን ነው። ለውጡ ሥራ ላይ የዋለው ከአንድ ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ በኋላ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ክፍት ቦታ ሲገኝ ወደ ተጠበቀው መደብ መመለስ ለሚፈልጉ ነባር ሹሞች ቅድሚያ ተሰጥቷቸዋል።

ይህን ሕግ የሚደግፍ ሰው ጠንካራ ክርክር አለው። የዕፅ ቁጥጥር ሥራ እንደ ሌላው የመንግሥት ሥራ አይደለም። ወኪሉ ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይይዛል፤ ማንነቱን ደብቆ ከወንጀለኞች ጋር ይውላል፤ ለጠቋሚዎች ክፍያ ይፈጽማል፤ ከአለቃው ርቆ፣ አንዳንዴም ባሕር ማዶ ሆኖ ይሠራል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን አባባል የሚያውቅ ሕዝብ እንዲህ ያለ ቦታ የሚያመጣውን ፈተና ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። አንድ የከተማ ዳይሬክተር የተበላሸ ቢሮ ይዞ ሳለ በይግባኝ ሁለት ዓመት ቢከራከር፣ በዚያ ሁለት ዓመት የሚከሽፉትን ዘመቻዎችና የሚጋለጡትን ጠቋሚዎች የሚመልሳቸው የለም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እኔ ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ይህንን ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 ጊግሊዮ በተባለው ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ዐቃቤ ሕግ የምስክሩን ተአማኒነት የሚጎዳ ማስረጃ ለተከሳሹ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ከዚያ ወዲህ መዋሸቱ በዲሲፕሊን የተረጋገጠበት ወኪል ፍርድ ቤት በቀረበ ቁጥር ውሸቱ አብሮት ይቀርባል። በሥራው መደብ ላይ ቢቆይም መመስከር የማይችል መርማሪ ምን ሊሠራ ነው? እሱን በደመወዝ ማቆየት ለሠራተኛው ርኅራኄ ሊመስል ይችላል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ክሱ የሚፈርስበት ማኅበረሰብ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ወገን። የአሜሪካ የመንግሥት ሠራተኛ ዋስትና በስንፍና ወይም በሠራተኛ ማኅበር ጫና የተፈጠረ አይደለም። በ1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን የገደላቸው ሹመት ተስፋ አድርጎ ያጣ ሰው ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የፔንድልተን ሕግ የመንግሥት ሥራን ከጌቶች ስጦታነት ወደ ችሎታ ውድድር መለሰ። በ1985 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በላውደርሚል ጉዳይ እንዲህ ያለ ዋስትና ያለው ሠራተኛ ከመባረሩ በፊት ክሱ እንዲነገረውና እንዲሰማ መብት እንዳለው ወሰነ። ክርክሩን ያመጣው አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው። ለዘበኛ የተሰጠው መብት ሕይወቱን ለአደጋ ለሚያጋልጥ ወኪል አይገባውም ማለት ይከብደኛል።

የዕፅ ቁጥጥር ሥራ ልዩ መሆኑም በሁለት በኩል የሚቆርጥ ነው። ወኪሉን ለሙስና የሚያጋልጠው ሥራ ለሐሰት ክስም ያጋልጠዋል። የተያዘ አዘዋዋሪ የያዘውን ሰው ገንዘብ ተቀብሏል ብሎ ለመክሰስ በቂ ምክንያት አለው፤ የሚከፈለው ጠቋሚም ጥቅሙ ሲቀር ጠላት ይሆናል። ያለ ምስክር፣ ያለ ችሎት፣ በኃላፊው እምነት ብቻ የሚያባርር ሥርዓት ባለበት ወንጀለኛው ጎበዝ መርማሪን ለማስወገድ ጥይት አያስፈልገውም፤ አንድ በደንብ የተቀናበረ ጥቆማ ይበቃዋል።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ራሱ የ1975ቱ ታሪክ ነው። ያኔ ችግር የተባለው ኃላፊው ባልደረባውን ከምርመራ ሸፈነ የሚል ነበር፤ ያጋለጠውም ከኃላፊው በታች ያለ ሹም ነው። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ሕግ ሹሞቹን ሁሉ በኃላፊው ፈቃድ ሥር አዋለ። ታርታሊኖን የመሰለ ሹም በ1978 ተመሳሳይ አቤቱታ ማቅረብ ቢፈልግ ኖሮ፣ የሚከሰው ሰው እሱን ያለ ችሎት ሊያሰናብተው እንደሚችል እያወቀ ነበር የሚያቀርበው። የሕጉ ደጋፊዎች አዲሱ ኃላፊ ፒተር ቤንሲንገር የተረከቡትን ቤት ለማጽዳት ይህ እጅ ያስፈልጋቸው ነበር ይላሉ፤ እውነት አላቸው። ግን ሕግ የሚጻፈው ለመልካሙ ኃላፊ ብቻ አይደለም። ኤድጋር ሁቨር ኤፍቢአይን ለ48 ዓመት ሲመሩ ወኪሎቻቸው የሲቪል ሰርቪስ ዋስትና አልነበራቸውም። ቢሮው በዲሲፕሊን ጥብቅነቱ ስም አተረፈ፤ ያ ጥብቅነት ግን ኃላፊው በዜጎች ላይ ያካሄዱትን ሕገ ወጥ ስለላ ከውስጥ የሚያስቆም ሰው እንዳይነሳ አድርጓል።

ይህ ክርክር ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞች አስተዳደር ደንብ ቁጥር 155 በአንቀጽ 37 ዋና ዳይሬክተሩ በሙስና የጠረጠረውንና እምነት ያጣበትን ሠራተኛ መደበኛውን የዲሲፕሊን ሥርዓት ሳይከተል እንዲያሰናብት ፈቀደ። የተሰናበተው ሠራተኛም በየትኛውም የፍርድ አካል ውሳኔ ወደ ሥራ እንዳይመለስ ከለከለ። ኮንትሮባንድና ዕፅ የሚያልፍበትን በር የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ስለነበር የደንቡ ዓላማ ይገባኛል፤ ጉምሩክ ላይ ጉቦ ተጠይቆ የሚያውቅ ነጋዴም ደንቡን ሲሰማ እፎይ ሳይል አይቀርም። ሆኖም ከ1976ቱ የአሜሪካ ሕግ ሁለት እርምጃ ርቆ ሄዷል። ያኛው ለከፍተኛ ሹሞች ብቻ ሲሆን ይህ ተራውን ገንዘብ ያዥም ይጨምር ነበር፤ ያኛው የጽሑፍ ክስና መልስ አላስቀረም፣ ይህ ግን ጥርጣሬን በቂ አደረገ። የቁጥሩ መገጣጠም ደግሞ ይገርመኛል፤ በሕገ መንግሥታችንም ፍትሕ የማግኘት መብት የተደነገገው በአንቀጽ 37 ነው።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2005 ዓ.ም.፣ ያ ሥልጣን የተሰጣቸው ዋና ዳይሬክተር ራሳቸው በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። በ2010 ዓ.ም. ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ ስለዚህ ጥፋተኛ ናቸው ብዬ አላነሳቸውም። የማነሳቸው በሁለቱም መንገድ ብናየው ደንቡ ስለሚጎዳ ነው። ጥርጣሬው እውነት ከነበረ፣ በእሳቸው «እምነት ማጣት» የተባረሩት ሠራተኞች የተባረሩት በማን ነው? ጥርጣሬው ሐሰት ከነበረ ደግሞ ጥርጣሬ ብቻውን ሰውን ምን ያህል እንደሚጎዳ ዳይሬክተሩ ራሳቸው አይተዋል። እሳቸው ግን ቢያንስ ፍርድ ቤት ቀርበዋል።

ወደ እ.ኤ.አ. የ2015ቱ የአሜሪካ ጥያቄ ስመለስ፣ የሊዮንሃርት መልስ ግማሽ እውነት ይመስለኛል። በዲኢኤ የዲሲፕሊን ሥራ በሦስት ተከፍሏል፤ አንዱ ቢሮ ይመረምራል፣ ቦርድ ቅጣት ያቀርባል፣ ወሳኝ ሹም ይወስናል። ኃላፊዋ በመሐል ገብተው ውሳኔ እንዳያዙ መደረጉ ጥሩ ነገር ነው። ግን ሕጉ ወሳኙን ሹም እንዳያባርር አልከለከለውም። የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር በዚያው ዓመት ያወጣው ሪፖርት እንዳሳየው አንዳንድ የቅርብ አለቆች ጉዳዩን ለመርማሪው ቢሮ ሳያሳውቁ እንደ ቤት ውስጥ ጉዳይ ቆጥረውት ነበር። ቀላል ቅጣት የመጣው ከዋስትናው ብዛት ሳይሆን ከባልደረቦች መሸፋፈን ነው።

የሳን ዲዬጎው ጉዳይም ይህንኑ ይነግረኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 የዲኢኤ ወኪሎች የያዙትን የ23 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በማቆያ ክፍል ረስተውት ያለ ምግብና ያለ ውኃ ወደ አምስት ቀን ቆየ። መንግሥት 4.1 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ከፈለ። ከስድስቱ ወኪሎች አራቱ የጽሑፍ ወቀሳ፣ ሁለቱ የ5 እና የ7 ቀን እገዳ ተሰጣቸው። እዚህ ላይ ይግባኝ አላስቸገረም፤ ረጅም ችሎትም አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ ራሱ አቅልሎ ነው የመዘነው።

ቅጥሩም መታየት አለበት። አዲስ ወኪል ዕድሜው ከ37 በታች መሆን፣ የዕፅ ምርመራና ጥልቅ የኋላ ታሪክ ማጣራት ማለፍ፣ የትም ቢመደብ ለመሄድ መፈረም አለበት። አሶሺየትድ ፕሬስ እንደዘገበው ግን በ2021 ከ12 ዓመት በላይ እስራት የተፈረደበት አንድ ወኪል የተቀጠረው በቅጥር ጊዜ የተደረገለት የውሸት መመርመሪያ ማታለሉን ካመለከተ በኋላ ነው። በበሩ ላይ የተዘለለውን ጥያቄ ከዓመታት በኋላ በማባረር ማካካስ አይቻልም።

በ1976 የጎደለው፣ በእኔ ግምት፣ ከኃላፊው ውጭ የሆነ ዓይን ነበር። የፍትሕ ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ ከተቋቋመ በኋላም ዲኢኤንና ኤፍቢአይን በራሱ ፈቃድ መመርመር አይችልም ነበር፤ ሥልጣኑን ያገኘው በ2001 ነው። ያ ዓይን እስካለ ድረስ ለኃላፊው በከፍተኛ ሹሞች ላይ ፈጣን እጅ መስጠቱን እቀበላለሁ፤ ለተራው ወኪል ግን ክሱን የማወቅና የመሰማት መብቱ አይነካ እላለሁ። ዓይኑም ቢሆን ዋስትና ያሻዋል። የ2015ቱ ሪፖርት ዲኢኤና ኤፍቢአይ ሰነድ በመከልከላቸው መዘግየቱን አማርሯል፤ ኮንግረስ በ2016 ኢንስፔክተሮች ሰነድ የማግኘት መብታቸውን የሚያጠናክር ሕግ አወጣ። በጥር 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከአሥር በላይ የሆኑ የልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ዋና ኢንስፔክተሮችን በአንድ ምሽት አሰናበቱ። ለኮንግረስ ከ30 ቀን በፊት ምክንያቱ በዝርዝር እንዲነገረው የሚያዝዘው ሕግ አልተጠበቀም። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ኢንስፔክተር ከዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም፤ በሥራቸው የቆዩት ግን የሚጠብቃቸው ሕግ ስለተከበረ አይደለም።